አንቱ እያሉ የከሰሱኝ ልጆች

በ2011 ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ተከሰስኩ። ከሳሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ክሱ አጭር ነው። «ጋሼ ኳሳችንን ሳይጠይቁ ወሰዱብን።»

ወስጃለሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ግቢው ጭቃ ነው። ኳሱ ለሦስተኛ ጊዜ የጎረቤት ጎመን ላይ አርፏል። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ኳስ ስቀማ ኖሬያለሁ። ሳላስበው እጄ ቀደመኝ።

ትልቋ ዳኛ ደብተሯን ገለጠች። «ሕጉ ኳስ የሚወሰደው በስብሰባ ነው ይላል። ጎመን የመታ ልጅ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ ነው እንጂ ኳሱ ይወሰድ አይልም። እርስዎ ተሳስተዋል ጋሼ። ሁለት ቀን የሻይ ብርጭቆ ያጥባሉ።»

አጠብኩ። የሐምሌን ውሃ ደብረ ማርቆስ የኖረ ያውቀዋል።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት በንባብ ነው። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለተከፈተው ሰድበሪ ቫሊ ትምህርት ቤት ሳነብ ሰነበትኩ። ከአራት ዓመት ሕፃን እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት አንድ ላይ ይውላሉ። ክፍል የለም፣ ደወል የለም፣ ፈተና የለም። ልጁ የሚፈልገውን ሲያደርግ ይውላል። ትምህርት የሚሰጠው ልጅ ሲጠይቅ ነው። ደንቡን የሚያወጣው፣ የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚወስነው በየሳምንቱ የሚቀመጥ ስብሰባ ነው። እዚያ ስብሰባ ላይ የስድስት ዓመት ልጅም አንድ ድምጽ አላት፣ እዚያ ሲሠራ ያረጀ ሽማግሌም አንድ ድምጽ።

ይህን ሲያነብ ሌላው ሰው ስለ ልጆቹ ይገረማል። እኔን ያስጨነቀኝ የአዋቂዎቹ ነገር ነው። ምን ሲሠሩ ይውላሉ? ማስተማር ከሌለ፣ መቅጣት ከሌለ፣ ስም መጥራት ከሌለ፣ ደሞዙ ለምንድን ነው? ደግሞ እዚያ የቋሚ ቅጥር ወግ የለም። በየዓመቱ ልጆቹም አዋቂዎቹም በምስጢር ድምጽ ሰጥተው የሚቀጥለውንና የሚሰናበተውን ይለያሉ። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት እንዲህ ቢደረግ የመምህራን ማረፊያው ውስጥ ማን ሻይ እየጠጣ ይቀር ነበር? አልጨርሰውም።

ይህንኑ ልንሞክረው ከሁለት ወዳጆቼ ጋር አንድ ግቢ ተከራየን። አንዷ እንደኔ መምህርት ናት። ሌላው አናጢ ነው፤ ስለ ትምህርት ፍልስፍና አንድ ቃል ሰምቶ አያውቅም፣ መስማትም አይፈልግም። ሐምሌንና ነሐሴን ብቻ፣ አሥራ ሰባት ልጆች፣ ሦስት አዋቂዎች። ሃያ ድምጽ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጉድ ፈላ። ሰድበሪ ልጆቹ አዋቂውን በስሙ ነው የሚጠሩት። እንግሊዝኛ ደግሞ ለትልቁም ለትንሹም አንድ «አንተ» ነው ያለው፤ አይጨንቃቸውም። አማርኛ ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት ወንበር ምረጥ ይልሃል። ና ወይስ ይምጡ? ተሳሳትክ ወይስ ተሳስተዋል? ግሡ ራሱ ወይ ያስቀምጥሃል ወይ ያስነሳሃል። ስለዚህ መምህርቷ ወዳጄ እኩል እንድንሆን ሁላችንም አንተና አንቺ እንባባል ስትል ሐሳብ አቀረበች። ዝም አሉ። ልጆች እንዲህ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ፣ «እናቴ ብትሰማኝስ?» አለች።

18 ለ2 ወደቅን። ሁለቱ እኔና መምህርቷ ነን። አናጢው ከልጆቹ ጋር ነው እጁን ያወጣው።

ያን ማታ ተበሳጭቼ ነው የተኛሁት። ነገሩ ከጅምሩ ተበላሸ ብዬ ነበር። «አንቱ» የሚለኝ ልጅ እንዴት አድርጎ ይቃወመኛል? የገባኝ ብርጭቆ ሳጥብ ነው። «እርስዎ ተሳስተዋል ጋሼ» ያለችኝ ልጅ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ግን አልናቀችኝምም። አክብራ ፈረደችብኝ። እኔ መከበርና አለመጠየቅ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። እሷ ለያየቻቸው። የጎጃም ልጅ ለአባቱ ተነሥቶ ወንበር ይለቃል፤ እኔ መቀመጫ ከለቀቀልኝ ድምጹንም የለቀቀልኝ መስሎኝ ነበር ለካ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰብኝ የመጀመሪያው ሰው እንዳልሆንኩ ኋላ አነበብኩ። ያኑሽ ኮርቻክ የሚባል ፖላንዳዊ ሐኪም ነበር፤ ዋርሶ ውስጥ የአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆችን የሚያሳድግ። እዚያ ቤት ልጆች ራሳቸው ዳኛ የሚሆኑበት ችሎት ነበረው። በግማሽ ዓመት ውስጥ እሱ ራሱ አምስት ጊዜ እዚያ ችሎት ፊት ቀረበ። አንደኛው ክስ ልጅ በጥፊ በመምታቱ ነው። አንዷን ልጅ ሌባ ብሎ በመጠርጠሩ ነው ሌላው። ዳኛ ሰድቦም ያውቃል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ልጆቹን ትሬብሊንካ ወደሚባለው የሞት ካምፕ ሲነዷቸው አብሯቸው ሄዶ እዚያው ሞተ። ሞቱን ብዙ ሰው ያወራዋል። እኔን የያዘኝ ጥፊው ነው። ልጅ መትቶ፣ ከዚያ ሄዶ ልጆች ፊት መቆሙ።

እኔም መትቻለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ነው ያለው በ1987 ነው። እኔ የተቀጠርኩት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልምጭ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ለማስፈራራት ነው እንል ነበር። ለማስፈራራት ብቻ አልነበረም።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የከሸፉት በኔ ምክንያት ነው። አለመጫን ማለት አለመኖር መሰለኝ። ጥግ ይዤ መጽሐፍ ገልጬ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ ይወስኑ፣ እኔ የለሁበትም። ምን ሆነ መሰላችሁ? ትልልቆቹ ወንዶች ኳሱን ያዙ። ትንንሾቹ አጥር ስር ቆመው ያያሉ። ሴቶቹ ማንም ሳያዛቸው ሻይ ማፍላት፣ ብርጭቆ ማጠብ፣ መጥረግ ጀመሩ። ነፃነት ሰጠን ስንል ለካ ቤታቸው ያለውን ነገር አምጥተን ዘርግተንላቸዋል። አዋቂው ሲጠፋ ቦታውን ጉልበት ያለው ይይዘዋል።

አናጢው በአሥረኛው ቀን መጣና መጽሐፌን በአንድ ጣቱ ዘጋው። «ሰውዬ፣ አንተ እዚህ ልትደበቅ ነው የመጣኸው?»

በማግስቱ ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። አላዘዘም። «አንድ ነገር አለኝ» አለ። «ብርጭቆ የሚያጥቡት ሴቶቹ ብቻ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ተራ ይውጣ ነው የምለው።» ወንዶቹ አጉረመረሙ። ተከራከሩ። አንዱ «እኔ ማጠብ አልችልም» አለ፤ አንዷ «እኔም ስወለድ አልችልም ነበር» አለችው። ተራ ወጣ። እኔም ተከስሼ ያጠብኩት ያ ተራ ስለነበር ነው፤ ያለዚያ ቅጣቱ ለኔ ሳይሆን ለሴቶቹ ይደርስ ነበር።

ሴቶቹ ያን ዕለት አንድ ተጨማሪ ነገር አስወሰኑ። ስብሰባው ጠዋት ነበር፤ ጠዋት ደግሞ ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ። ከሰዓት ይሁንልን አሉ። ሆነ። እኔ ግን ስብሰባ ላይ መገኘት የማትችል ልጅ ድምጽም እንደሌላት ለአሥር ቀን አላየሁትም ነበር። መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ስለ ልጆች ድምጽ።

በሁለተኛው ሳምንት 600 ብር ነበረን። ተረት መጽሐፍ ይገዛ አልኩ፤ ያውም ረጅም ንግግር አድርጌ። 14 ለ6 ተሸነፍኩ። ኳስና ሁለት መጋዝ ተገዛ። መጋዙ ሲመጣ ግን የመምህርቷ ፊት ተለወጠ። እውነቷን ነው፤ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ አለ። ሰድበሪም ቢሆን አደገኛ መሣሪያ ዝም ብሎ አይነካም፤ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው አይቶ ሲፈቅድ ነው። የኛም ልጆች ያንኑ ወሰኑ። አናጢው ሳያየው መጋዝ የነካ ለሦስት ቀን ከመሣሪያው ይርቃል። አናጢውም እየፈተነ ያለ ይሉኝታ ጣለ፣ አሳለፈ። አንዱን አራት ጊዜ ጣለው። ማንም ቅር አላለውም፣ ምክንያቱም ኃላፊነቱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ይህን ሰው በደንብ አየሁት። ልጆቹን ኑ ልሥራላችሁ ብሎ አያውቅም። የራሱን በርጩማ ሲጠግን ይውላል። አጠገቡ ይቆማሉ። ይጠይቁታል። የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ከዚያ ወደ በርጩማው። በነሐሴ መጀመሪያ አምስት ልጆች የየራሳቸውን በርጩማ እየሠሩ ነበር። አንዱ በርጩማ አንድ እግሩ አጥሮ ነበር። አናጢው አይቶታል፤ ዝም አለ። ልጁ ተቀምጦበት ሲወድቅ ነው «ምን ላድርግ?» ያለው። ያኔ ነገረው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እውነት ነው፤ ያ በርጩማ እንግዳ አይቀርብበትም። ግን የኛ ሰው ከልጁ ፊት ቡሆ ዕቃውን እየነጠቀ ነው ያደገው፣ እና መቼ ተቡክቶ መቼ ይበቃል?

አጎቴ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አሜሪካ ድረስ ሄደህ ነው ይህን ያመጣኸው?»

አጎቴ የቅኔ ተማሪ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከብት ሊጠብቅ ወጥቶ በዚያው ጠፋ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ኩርማን ለመነ፣ በውሻ ተነከሰ። ዋሸራ ከረመ፤ ከዚያ ጎንጅ፤ ከዚያ ደብረ ኤልያስ። ማንም አልላከውም። ስም የሚጠራ፣ ቀሪ የሚመዘግብ የለም። ቀን ብቻውን ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት መወድስ ድረስ ራሱ ይወጣዋል። ቆጥሮ ሲመጣ ለየኔታ ያሰማል። የኔታ ያዳምጣሉ። የተሰበረውን ያርማሉ።

«የኔታ ሥራቸው ምን ነበር ታዲያ?» አልኩት።

«መገኘት» አለኝ። «በየትኛውም ሰዓት ብትመጣ አሉ። ጆሯቸው አለ። የተበላሸች ቅኔ ይዘህ ከመጣህ ደግሞ በእጅህ እንዳለች ታውቀዋለህ፣ ገና አፍህን ሳትከፍት። ስለሚሰሙህ ነው የምታውቀው።»

እውነቱን ለመናገር የቅኔ ቤትን ዴሞክራሲ ነው ብዬ ላሳምር አልፈልግም። የየኔታ ቃል የመጨረሻ ነው። ንባብ ቤት ላይ ስንት ጀርባ በልምጭ እንደተገረፈም አጎቴ ራሱ ነግሮኛል። የሴቶቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ላንሳ ካልኩ አላቆምም። ግን ለምርጫው ነገር አጎቴ መልስ ነበረው። ሰድበሪ ልጆች በየዓመቱ ለአዋቂው ድምጽ ይሰጣሉ አልኩት። «እኛስ?» አለኝ። «ተማሪ የኔታ አልጥም ካሉት አኩፋዳውን ትከሻው ላይ ያደርጋል። ከጎንጅ ደብረ ኤልያስ ይሄዳል። ጎጆው ባዶ የቀረ የኔታ ድምጽ አልተሰጠበትም?»

ወላጆቹ ግን እንደ አጎቴ አልነበሩም። አንዲት እናት በሦስተኛው ሳምንት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ልጃቸው ሙሉ ቀን እንጨት ሲፍቅ እንደሚውል ሰምተዋል። «መምህር፣ እኔ ልጄን ለጨዋታ ነው እንዴ የላክሁት? ሂሳብ እንዲያጠና ብዬ እኮ ነው።» ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ስለ ፍላጎት፣ ስለ ተነሣሽነት ለፈለፍኩ። ሰሙኝ፤ ከዚያ «ይሁን፣ እርስዎ ካሉ» ብለው ሄዱ። ያ ነው ያሳፈረኝ። በእኩልነት ግቢ ውስጥ ያሸነፍኩት በመምህርነት ማዕረጌ ነው። ልጁን ራሱን ይጠይቁት ብዬ ማስጠራት ነበረብኝ። አላደረግሁትም።

እንግሊዝ አገር ሰመርሂል የሚባለው ትምህርት ቤት ይህን ፈተና በትልቁ አይቶታል። ኤ. ኤስ. ኒል እ.ኤ.አ. በ1921 የጀመረው ነው። እዚያ መምህራን አሉ፣ የትምህርት ሰዓትም ተጽፏል፤ መግባትና አለመግባት ግን የልጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ይህን አልወደዱትም። ጉዳዩ ለንደን ችሎት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 ስምምነት ሲቀርብ ልጆቹ እዚያው ችሎቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባቸውን ተቀምጠው፣ እንቀበል አንቀበል ብለው ድምጽ ሰጡ። ተቀበሉ። ትምህርት ቤቱም ቀጠለ። አዋቂዎቹ ያን ቀን ጠበቃ አቁመዋል፣ ወረቀት አዘጋጅተዋል፣ ገንዘብ ፈልገዋል። ውሳኔው ላይ ሲደረስ ግን ስብሰባው የሁሉም ሆነ። እኔ ያችን እናት ፊት ለፊት ሳገኝ ተቃራኒውን ነው ያደረግሁት፤ ወረቀቱንም ውሳኔውንም ብቻዬን ያዝኩት።

ይህን ሁሉ አሁን ለምን እንዳነሣሁት ልንገራችሁ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት በአካባቢያችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ያንተ ህልም ሆነልህ፤ ልጆቹ ያለ ደወል እየዋሉ ነው» ሲል ቀለደብኝ። አልሳቅሁም። ያ የኔ የመጀመሪያ አሥር ቀናት ነው፤ ዓመት የፈጀ። ደወል አለመኖሩ ልጅን ነፃ አያወጣውም። የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ ከሌለ፣ የሚከሰው አዋቂ ከሌለ፣ ብርጭቆ የሚያሳጥብ ዳኝነት ከሌለ፣ ያ ልጅ ተጥሏል ነው የሚባለው።

የክረምቱን መጨረሻ ሳልናገር አልጨርስም። በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት መምህርቷ፣ እንደ ሰድበሪ በኛም ላይ ድምጽ ይሰጥ አለች። የሚቀጥለው ክረምት ማን ይመለስ? እኔ ውስጤ ቀዝቅዟል፣ ግን «ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኩ። ትንንሾቹ መጻፍ ስለማይችሉ በባቄላና በሽምብራ ሆነ። ባቄላ ይመለስ፣ ሽምብራ አይመለስ። በየስማችን አንድ የተሸፈነ እንስራ ተቀመጠ፤ አንድ አንድ እየገቡ ጣሉ።

አናጢው 17 ባቄላ። አንድ ሽምብራ የለም። ከረሜላ ይዞ መጥቶ አያውቅም፣ ተረት አውርቶ አያውቅም፣ አራት ጊዜ የጣለው ልጅም ባቄላ ሰጥቶታል። መምህርቷ 15። እኔ 11 ባቄላ፣ ስድስት ሽምብራ።

አልፌያለሁ። ግን ያችን ሌሊት ስድስቱን ስቆጥር አነጋሁ። ማን ይሆን? ኳሱ? መጽሐፉ? ያ ንግግሬ?

በማግስቱ ዕቃ ስንሰበስብ የከሰሰኝ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ መጣ። አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ እኔ ሽምብራ ነው የጣልኩብዎት።»

«ለምን?» አልኩ። ድምጼን እንደምንም አረጋግቼ።

«ያኔ ሕጉ የተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል ጠየቅኩዎት። ‹ቅ›ን። እርስዎ ከ‹ሀ› ጀመሩ።»

ትዝ አለኝ። ማንበብ የማይችል ልጅ ፊደል ሲጠይቀኝ በደስታ ሰክሬ ጠመኔ ያነሣሁበት ቀን ነበር። ገበታውን ሙሉ ጻፍኩለት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ዞር ብል የለም።

«አሁንስ አወቅኸው?» አልኩት።

«አዎ። አናጢው ነገረኝ። ‹ቅጣት› ነው የሚለው» አለ። ከዚያ በብብቱ የያዘውን የተነፈሰ ኳስ ሰጠኝ። «ይንፉልኝ።»

ነፋሁለት። ሌላ ምንም አልተናገርኩም።